የእርግዝና ክትትል በቡድን፤ ለእኛ ሴቶች እንዴት ሆኖ ይስማማል?

ከዚህ በታች የምታነቡት በሬዲዮ ያቀረብኩት ንግግር ነው። ከተላለፈ በኋላ «በሥራ ላይ ስለ ነበርን አላዳመጥነውም፤ በጽሑፍ ይውጣልን» ያሉ እናቶችና እህቶች ስለ በዙ፣ በሰዓት ጥበት ምክንያት ያስቀረሁትንም ጨምሬ እነሆ አቅርቤዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እዚህ አገር በምንቆጥርበት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ይህን ርዕስ ለምን እንደ መረጥኩ ልናገር። እዚህ በአሽዶድ፣ በሮቫ አሌፍ፣ በሶሻል ሠራተኛነት ስሠራ፣ ከአንዲት ነርስ ጋር ሆነን ነፍሰ ጡር ሴቶችን በሳምንት አንድ ቀን እየሰበሰብን፣ ቡና እያፈላን እንጨዋወት ነበር። ምርመራ የለበትም። ክፍሏ ጠባብ፣ ወንበሮቹም ከሌላ ክፍል የተለመኑ ነበሩ። አንድ ቀን ሰባተኛ ወሯን የያዘች ወጣት ሴት እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ ዝም ብላ ተቀመጠች። «ምነው?» ስንላት «ምንም አይደለም፣ ምች መትቶኝ ነው» አለች። እንደምታውቁት ምች በእኛ ዘንድ የታወቀ ነገር ነው። አንዲት እናት «ዳማ ከሴ ቢገኝ በአንድ ቀን ይለቅሽ ነበር» ብለው አዘኑላት። ከማዶ የተቀመጠች፣ ሁለት ልጆች የወለደች ሌላ ሴት ግን ትክ ብላ ስታያት ቆየችና «ዓይንሽስ? ብልጭ ብልጭ ይልብሻል?» ብላ ጠየቀቻት። «አዎ፣ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ» አለች። «በይ ተነሽ! ይህ ምች አይደለም፤ እኔም በመጀመሪያ ልጄ ጊዜ ይኸው ነው ያገኘኝ» አለቻት። ነርሷ ከቦርሳዋ የደም ግፊት መለኪያ አውጥታ ለካቻት፤ የላይኛው ቁጥር ከ160 አልፎ ነበር። በዚያው ምሽት ሆስፒታል ተኛች። ልጁ ያለ ጊዜው፣ ትንሽ ሆኖ ተወለደ፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እናትም ልጅም በደኅና ወደ ቤታቸው ገቡ።

እኔን ያስደነገጠኝ ከዚያ በኋላ የሰማሁት ነው። ይህች ሴት ከአንድ ቀን በፊት ደም ልትሰጥ ሐኪም ቤት ሄዳ ነበር። በዕብራይስጥ «ሁሉ ነገር ደኅና ነው?» ተብላ ተጠየቀች፤ «ኬን፣ ኬን» ብላ ወጣች። ራስ ምታቱን ለምን እንዳልተናገረች ስጠይቃት «ሰው ብዙ ነበር፤ እነሱም ይቸኩላሉ፤ ለራስ ምታት ብዬ ላስቸግራቸው?» አለችኝ። ይሉኝታ እስከዚህ ድረስ ያደርሳል።

ያገኛት ሕመም በዕብራይስጥ «ራዓሌት ሄራዮን» ይባላል። «ራዓል» ማለት መርዝ ስለ ሆነ፣ ስሙን ሰምተው «ማን አበላኝ? ምን ቀምሼ ይሆን?» እያሉ የተጨነቁ ሴቶች አውቃለሁ። ማንም አላበላቸውም። ከ20ኛው ሳምንት በኋላ የደም ግፊት ከፍ ሲል፣ ማለትም 140 በ90 ሲደርስ ወይም ሲያልፍ፣ ብዙውን ጊዜም ፕሮቲን ወደ ሽንት ሲያልፍ የሚታወቅ የእርግዝና ሕመም ነው። የማይለቅ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ ወይም ብልጭታ፣ ከጎድን አጥንት በታች የሚሰማ ሕመም፣ የፊትና የእጅ ድንገተኛ እብጠት ምልክቶቹ ናቸው። ካልታከመ ሰውነትን ወደሚያንቀጠቅጥ ሕመም ያደርሳል፤ ሕይወትም ያሳልፋል። ከወሊድ በኋላም ሊመጣ ስለሚችል፣ አራስ ሴት እንዲህ ያለ ራስ ምታት ሲይዛት «የድካም ነው» ተብሎ ሊታለፍ አይገባም።

እንግዲህ ሐኪም ቤት ያልተነገረው ነገር ቡና ላይ ተነገረ። «ይህ የአጋጣሚ ነገር ነው ወይስ የሚደገም?» ብዬ ማንበብ ጀመርኩ፤ ያነበብኩትንም ላካፍላችሁ።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ በአሜሪካ ኮኔቲከት ግዛት፣ ሻሮን ሺንድለር ራይዚንግ የምትባል አዋላጅ ነርስ ለእያንዳንዷ ሴት በየተራ አንድ ዓይነት ነገር ስትናገር መዋል ሰለቻት። ስለዚህ የመውለጃ ወራቸው የተቀራረበ ከ8 እስከ 12 የሚሆኑ ሴቶችን በአንድ ክፍል ሰብስባ ክትትሉን በቡድን አደረገችው። አሠራሩ «ሴንተሪንግ ፕሬግናንሲ» ይባላል። ሴቶቹ ሲገቡ ክብደታቸውንና የደም ግፊታቸውን ራሳቸው ለክተው በካርዳቸው ላይ ይጽፋሉ። ከዚያ አንድ በአንድ ወደ ክፍሉ ማእዘን ሄደው ተጋድመው አዋላጇ ሆዳቸውን ትለካለች፣ የፅንሱን ልብ ታዳምጣለች፣ የግል ነገር ካለም እዚያው በጆሮ ይነገራል። በመጨረሻ ሁሉም ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። አዋላጇ አታስተምርም፤ ትጠይቃለች፣ የአንዷን ጥያቄ ለሌላዋ ታቀብላለች። ይህ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ይፈጃል፤ በእርግዝናው ዘመን 10 ጊዜ ያህል ይደረጋል። ሁሉም ከተደመረ ወደ 20 ሰዓት ይጠጋል። እኛ ግን በር ላይ ሁለት ሰዓት ጠብቀን ውስጥ አሥር ደቂቃ ተቀምጠን እንወጣለን።

በ2007 በወጣ አንድ ጥናት፣ በኒው ሄቨንና በአትላንታ ከተሞች 1,047 ወጣት ሴቶች በዕጣ ተከፍለው ገሚሶቹ በቡድን፣ ገሚሶቹ በተለመደው መንገድ ክትትል ተደረገላቸው። አብዛኞቹ ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ። በተለመደው መንገድ ከተከታተሉት ከመቶ 13.8 የሚሆኑት ያለ ጊዜው ወለዱ፤ በቡድን ከነበሩት ግን 9.8 ብቻ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ በብዙ አገር ተሠራጨ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2016 ባወጣው መመሪያ ነፍሰ ጡር ሴት ቢያንስ 8 ጊዜ ባለሙያ እንድታገኝ ሲያሳስብ፣ የቡድን ክትትልን ከጥናት ጋር እየታየ ሊሠራበት የሚችል አማራጭ ብሎ አስገብቶታል።

ነገር ግን ቡድን ተአምር ነው ብዬ ልሸነግላችሁ አልፈልግም። በሩዋንዳ በ36 ጤና ጣቢያዎች ተመሳሳይ ነገር ተሞክሮ፣ ሴቶቹም ነርሶቹም ቢወዱት እንኳ፣ የእርግዝናው ርዝመት ላይ ልዩነት አልታየም። ሩዋንዳውያን የአሜሪካኑን እንዳለ አልገለበጡም። ያን ጊዜ በአገራቸው የሚታዘዘው ክትትል 4 ጊዜ ስለ ነበር ስብሰባውን በዚያ ልክ ቆረጡት፤ የመጀመሪያውን ቀጠሮ ለብቻ አድርገው ቡድኑን ከዚያ በኋላ አስጀመሩ። በኔዘርላንድ ደግሞ አዋላጆች ከሆስፒታል ውጭ በራሳቸው ቤት የሚሠሩ ስለ ሆኑ ቡድኑም እዚያው ገባ። በስዊድን፣ ለጎረቤቶቻችን ለሶማሌ ሴቶች፣ አስተርጓሚ ያለበት ቡድን ተሞክሯል። ልብሱ አንድ ቢሆንም ሁሉም በየቁመቱ ሰፍቶታል ማለት ነው። እኔም የምለው፣ እኛ ዘንድ ይምጣ ከተባለ መጀመሪያ ቁመታችን ይለካ ነው።

ወደ አገር ቤት ልመለስ። እኔ በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን በእናቴ ጀርባ ታዝዬ የመጣሁ ስለ ሆንኩ የአገሩን ነገር በጆሮ ነው የማውቀው። እናቴ እንደምትነግረኝ፣ ጎንደር ውስጥ ሴት ስትወልድ ወደ ጎጆ ትገባለች፤ ወንድ የወለደች 40 ቀን፣ ሴት የወለደች 80 ቀን ከቤቷ ተለይታ ትቆያለች። በጎጆው ዙሪያ ድንጋይ ይደረደራል፤ ምግብ የምታመጣ ሴት ከድንጋዩ ወዲህ አስቀምጣ ትመለሳለች። ወጣቶቹ ልጆቻችን ይህን ሲሰሙ «እንዴት ያለ ጭካኔ ነው» ይላሉ። እናቴ ግን «ዕረፍት ያገኘሁት እዚያ ብቻ ነበር፤ እንዳንቺ ያለ ብዙ ነገር የተማርኩትም እዚያ፣ ከሴቶች አፍ ነው» ትላለች። በሌላ ቀን ደግሞ፣ ሳልጠይቃት፣ በዚያው ጎጆ ደም ፈሷት ስላለቀች የአክስቷ ልጅ አጫወተችኝ። አዋላጅ ነበረች፤ ገንፎም ነበረ፤ ደም የሚያቆም መድኃኒት ግን አልነበረም። ስለዚህ ጎጆውን መልሱልን የሚል ሰው ካለ እኔ የለሁበትም። ከጎጆው የጎደለው መድኃኒቱ ነበር፤ እዚህ ከመጣን ወዲህ የጎደለው ደግሞ ከሴት ጋር ተቀምጦ ማውራቱ ነው።

በኢትዮጵያ ዛሬ ሁለቱን ለማገናኘት ብዙ ተደክሟል። ከ2003 ጀምሮ በየቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ ሁሉም ለማለት ይቻላል ሴቶች፣ ሠልጥነው ተመደቡ። እነርሱም ከጤና ጣቢያ ከምትመጣ አዋላጅ ነርስ ጋር በየወሩ «የነፍሰ ጡር እናቶች ኮንፈረንስ» የሚባል ስብሰባ ያደርጋሉ። በአማራ ክልልም በየገጠሩ የታወቀ ነው። ቡና ይፈላል፤ ጤና ጣቢያ መውለድ፣ የአደጋ ምልክት፣ የአምቡላንስ ነገር ይወራል። ቤታቸው ሩቅ ለሆነ ደግሞ በጤና ጣቢያው ግቢ የእናቶች ማቆያ ቤት ተሠርቶ፣ ምጥ እስኪመጣ እዚያ ይቆያሉ፤ ሲወልዱም ገንፎ እንዲገነፋ ተደረገ። በዚህና በሌላም ምክንያት በ2005 ከመቶ ሴት 5 ብቻ በጤና ተቋም ትወልድ የነበረው በ2016 ወደ 26፣ በ2019 ወደ 48 ከፍ ብሏል። ከ100 ሺህ ሕያው ወሊድ የሚሞቱት እናቶች ቁጥርም በ2000 871 ተብሎ የተገመተው በ2016 412 ሆኗል። አሁንም ብዙ ነው።

ይሁን እንጂ ኮንፈረንሱና የአሜሪካው ቡድን አንድ አይደሉም። በኮንፈረንሱ ምክር እንጂ ምርመራ አይደረግም፤ ሴቶቹ የሚጠሩትም በቀበሌ ስለ ሆነ የሦስት ወርና የዘጠኝ ወር ነፍሰ ጡር ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። እኔ በሮቫ አሌፍ የሠራሁትም ሳላውቀው ወደዚህ የቀረበ ነበር።

የእኔን ስሕተት ልንገራችሁ። በመጀመሪያው ቀን ሁሉም ስማቸውንና ስንተኛ ሳምንት እንደ ሆናቸው እንዲናገሩ ጠየቅሁ። በኮሌጅ የተማርነው «የመተዋወቂያ ዙር» ይባላል። ክፍሉ ጸጥ አለ። አንዲት ሴት ሆዷን በነጠላዋ ሸፈነች። በሚቀጥለው ሳምንት ከ9 ሴቶች 4 ብቻ መጡ። በኋላ አንዷ ለብቻዬ ጠርታ «ገና ለእናቴ እንኳ ያልነገርኩትን በሰው ፊት አስቆጠርሽኝ» አለችኝ። የሰው ዓይን የሚፈራ ሕዝብ መሆናችንን እየቆጠርኩ ማደግ የነበረብኝ እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ የመጀመሪያዎቹ ወራት ምርመራ፣ የደምም የአልትራሳውንድም፣ ለብቻ ይሁን፤ ወደ ክቡ የሚገባው ሆድ ከታየ በኋላ፣ ከ20ኛው ሳምንት ገደማ ጀምሮ ይሁን እላለሁ። ፅንስን መደበቅ ሐኪምን መደበቅ እንዳይሆን ግን ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል፤ ለነርሷ በጊዜ ይነገር፣ ለመንደር ሲደርስ ይደርሳል።

ሁለተኛው ስሕተቴ አማትና ምራትን በአንድ ክብ ማስቀመጤ ነው። ሁለቱም ነፍሰ ጡሮች ነበሩ፤ እንዲህ ያለ ነገር በእኛ ዘንድ አይገርምም። ምራቲቱ ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ ቃል ሳትተነፍስ ቆየች። በአክብሮት የተዘጋ አፍ በጥያቄ አይከፈትም። ስለዚህ ቡድን ሲመሠረት ከወሩ ሌላ ዝምድናም ይታይ። በእኛ መንደር ሁሉም ሰው ከሁሉም ጋር እስከ ሰባት ትውልድ የሚቆጣጠር ስለ ሆነ ፈጽሞ የማይተዋወቁ ሴቶች አይገኙም፤ እናትና ልጅን፣ አማትና ምራትን መለየት ግን ይቻላል።

ወሬ የሚወጣ ነገርም አለ። «በዚህ ክፍል የተሰማ በዚህ ይቅር» ብሎ መማማል ጥሩ ነው፤ ብዙዎቹም ይጠብቁታል። እኔ ግን በመሐላው ብቻ አልተማመንም። ባሏ የሚመታት ሴት፣ ከዚህ በፊት ፅንስ ያስወረደች፣ የደም ምርመራዋ ያስጨነቃት፣ ይህን በክቡ ውስጥ እንድትናገር መገፋፋት ተገቢ አይደለም። ለዚህ ነው በአሜሪካው አሠራር ያለው ያ ማእዘን፣ ያ መጋረጃ፣ በምንም ሁኔታ ሊቀር የማይገባው። ቡናውን ቀንሱ፣ ወንበሩን ቀንሱ፤ መጋረጃውን አትንኩ።

ከሁሉ የከበደው የእምነት ጉዳይ ነው። በጥር 1996 ከእኛ ወገን የተለገሰ ደም ኤች አይ ቪ ይኖርበታል በሚል ፍርሃት እንደሚጣል ሲታወቅ፣ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ በኢየሩሳሌም ሰልፍ ወጣ። በ2012 መጨረሻም ለሴቶቻችን ስለሚሰጠው የዴፖ ፕሮቬራ መርፌ በቴሌቪዥን ተነገረ፤ በጥር 2013 የጤና ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር፣ ሴቲቱ የመርፌውን ነገር በሚገባ መረዳቷ የሚያጠራጥር ከሆነ መርፌው እንዳይታደስላት ለኩፓዎቹ መመሪያ ሰጡ። እነዚህን ነገሮች የሰማች ሴት፣ ስድስት ብልቃጥ ደም ስትቀዳ «ይህ ሁሉ ምን ይሆናል?» ብላ ብትጠራጠር አላዋቂ አይደለችም። የሚያስፈልጋት መልስ ነው። አንዱ ብልቃጥ የደም ዓይነት ነው፤ አርኤች ኔጋቲቭ የሆነች ሴት በ28ኛው ሳምንት ገደማ መርፌ ያስፈልጋታልና። ሌላው የደም ማነስ፣ ሌላው የጉበትና የቂጥኝ ምርመራ ነው። በቡድን ውስጥ ነርሷ ብልቃጦቹን በጠረጴዛ ላይ ደርድራ «ይህ ለዚህ ነው» ብላ ስታሳይ አንዷ የፈራችውን ሌላዋ ትጠይቅላታለች።

የስኳሩ ምርመራም እንዲሁ ነው። ከ24ኛው እስከ 28ኛው ሳምንት 50 ግራም ስኳር የተበጠበጠበት ውኃ ይጠጣና ከአንድ ሰዓት በኋላ ደም ይወሰዳል። ለዚህ መጾም አያስፈልግም። ውጤቱ ከፍ ካለ በባዶ ሆድ 100 ግራም ጠጥቶ መደገም አለ። ሁለተኛ የተጠራች ሴት ስኳር በሽታ ያዘኝ ብላ ታለቅሳለች፤ ወይም ይባስ ብላ ትቀራለች። መጠራት በሽታ አይደለም፤ ማጣራት ነው። ወላጆቻችን ወደዚህ አገር ሲመጡ ስኳር በሽታ በመካከላቸው እጅግ ጥቂት እንደ ነበረና፣ ምግቡና ኑሮው ሲለወጥ እንደ በዛ ስለሚታወቅ፣ ይህን ምርመራ እኛ ከማንም አብልጠን ልንጠብቀው ይገባል።

የሳምንት አቆጣጠሩም ያሳስታል። እናቶቻችን የሚቆጥሩት የወር አበባ ከቀረበት ጊዜ ነው፤ ሐኪም የሚቆጥረው ከመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን ነው። ልዩነቱ አንድ ወር ያህል ስለሚደርስ «አምስት ወሬ ነው» ያለች ሴት በሐኪም አቆጣጠር ስድስተኛውን እያጋመሰች ሊሆን ይችላል፤ የስኳሩም ጊዜ ያመልጣታል። እኛ በግድግዳ ላይ ትልቅ የቀን መቁጠሪያ ሰቅለን፣ ሲግድንና ፋሲካን በቀለም አድርገን፣ ሁሉም የራሷን በጣቷ እንድትቆጥር ስናደርግ ማንበብ የማይችሉ እናቶችም ከወጣቶቹ እኩል ቆጠሩ።

አሁን ደግሞ ስለ እስራኤል ሕክምና አሠራር ጥቂት ልበል፤ ቡድኑ ባህላችንን ብቻ ሳይሆን ይህንንም መምሰል አለበትና። ከ1995 ጀምሮ በብሔራዊ የጤና መድን ሕግ መሠረት ሁሉም ነዋሪ ከ4ቱ ኩፓት ሆሊሞች በአንዱ አባል ነው። የእርግዝና ክትትሉ ግን በብዙ በር ይገባል፤ የሴቶች ሐኪሙ በአንድ ቦታ፣ ላቦራቶሪው በሌላ፣ አልትራሳውንዱ በሌላ፣ ነርሷ ደግሞ በቲፓት ሃላቭ። አሽዶድ ውስጥ እስከ 2017 ድረስ ሆስፒታል እንኳ ስላልነበረ፣ ምጥ የያዛት ሴት ወይ ወደ ረሖቮት ካፕላን ወይ ወደ አሽቀሎን ባርዚላይ ትሄድ ነበር። አሱታ ከተከፈተ ወዲህ ይህ ቀልሏል። አሜሪካ ውስጥ ቡድኑን የምትመራው አዋላጅ ራሷ መርማሪ ናት፤ እዚህ ግን ይህን ሁሉ በር በአንድ ክፍል መሰብሰብ አይቻልም። የሚቀርበው በር ቲፓት ሃላቭ ነው። ስሙ የወተት ጠብታ ማለት ሲሆን፣ ሥሩ በ1913 ሃዳሳ ወደ ኢየሩሳሌም ወደ ላካቸው ሁለት ነርሶች ይደርሳል፤ መጀመሪያ ላይ ወተት በአህያ ተጭኖ ለድኾች ሕፃናት ይታደል እንደ ነበር ይነገራል። ነርሷ ግፊት፣ ክብደትና ሽንት ታያለች፤ ይህን ለአንድ ሰው የምታደርገውን ለ8 ሴቶች በአንድ ከሰዓት በኋላ ብታደርገው የሐኪሙን ቦታ አልወሰደችም።

ምርመራው ከቡድኑ ጋር ይሁን የምልበት ሌላም ምክንያት አለኝ። ከእኛ ሴቶች ብዙዎቹ በቀብላን በኩል በጽዳት ይሠራሉ፤ አንድ ቀን መቅረት የአንድ ቀን እንጀራ ነው። ሕጉ ግን በቀን ከ4 ሰዓት በላይ ለምትሠራ ነፍሰ ጡር በእርግዝናዋ ዘመን ለክትትልና ለምርመራ 40 ሰዓት ከደመወዝዋ ሳይቀነስ ይሰጣታል፤ እስከ 4 ሰዓት ለምትሠራ 20 ሰዓት። ማስረጃ ወረቀት ከሐኪም ቤቱ መውሰድ ነው። ሕጉ የሚናገረው ስለ ሕክምና ክትትል እንጂ ስለ ጨዋታ አይደለምና፣ የእኔን ዓይነት የቡና ክብ በዚህ ሰዓት ማስቆጠር ያስቸግራል። ነርሷ የምትለካበትና የምትጽፍበት ሲሆን ግን ክትትል ነው። የእኛ ቡድን የላላውም በዚህ ነው፤ በሥራ ላይ ያሉት ቀሩ፣ ሥራ የሌላቸው ብቻ ይመጡ ጀመር።

ስለ ቋንቋም ጠይቃችሁኛል። «ለኢትዮጵያውያን ብቻ» የሚል ማስታወቂያ ለጥፌ ነበር። እዚህ የተወለደች አንዲት ወጣት አንብባው «ደግሞ ለብቻችን?» ብላ ተቆጣችኝ፤ እውነቷን ነው። በሌላ በኩል ከ2020 ወዲህ በጹር እስራኤል የመጡት እህቶቻችን ዕብራይስጡ ገና ነው። ስለዚህ ሁለት ዓይነት ቢሆን ይሻላል ባይ ነኝ፤ ለአዲሶቹ በአማርኛ፣ አስፈላጊም ሲሆን በትግርኛ፤ ለቀሩት ደግሞ ከሮቫ አሌፍ ጎረቤቶቻቸው፣ ከጉርጂዋም ከሞሮኮዋም ከሩሲያዋም ጋር፣ በወራቸው። በየትኛውም ግን ልጅ አስተርጓሚ አይሁን። የ12 ዓመት ልጅ ስለ እናቱ ማኅፀን ሲተረጉም እናቲቱ ግማሹን ትውጠዋለች። የጤና ሚኒስቴር በ2011 ባወጣው መመሪያ ሐኪም ቤቶች በቋንቋ እንዲያስተናግዱ ስለ ታዘዙ፣ በአማርኛ አስተርጓሚ መጠየቅ መብት ነው፤ በስልክም ሊሆን ይችላል።

አንድ አባት «እኛስ?» ብለው ጠይቀዋል። በአገራችን ወንድ በዚህ ነገር አይገባም ነበር፤ እዚህ ግን ሌሊት መኪና የሚያስነሳው እሱ ነው። ከስብሰባዎቹ አንዱ፣ ወደ መጨረሻው፣ ባሎች የሚመጡበት ቢሆን ጥሩ ነው፤ የሚነገረውም መቼ ወደ ሆስፒታል እንደሚኬድ፣ ምን ምልክት ሲታይ እንደማይጠበቅ ይሁን።

እኛ ያንን አንድ ስብሰባ አድርገናል። ሲወጡ ለእያንዳንዱ ቤት በፍሪጅ ላይ የሚለጠፍ ወረቀት ሰጠን። የዕብራይስጡ ቃል በፊደላችን የተጻፈ ነበር፤ ሴቲቱ ማንበብ ባትችል ባሏ፣ ባሏ ባይኖር ጎረቤት እንዲያነበው። እናንተም ቆርጣችሁ ለጥፉት፦ «አኒ ቤሄራዮን፤ ዬሽ ሊ ኬኤቭ ሮሽ ሓዛክ፤ አኒ ሎ ሮአ ቶቭ።» ትርጉሙም፦ ነፍሰ ጡር ነኝ፤ ራሴን በኃይል ያመኛል፤ ዓይኔ በደንብ አያይም።